እፍ

ከተራራው አናት፣ ከትንሿ መቅደስ፣
ፍም የማቀጣጥል፣ ጧፍ የምለኩስ፣
የዝይ ላባ ጠባቂ ቬሬና ነኝ፤
ሥራዬን ስናገር አትፍረድብኝ።

ኡርስ መጣ አንድ ማታ፣ በረዶ ሲከምር፣
የአይብ ሣጥን አቅፎ ከካባው ሥር፤
ሦስት ቀን በእግሩ። ሣጥኑ ውስጥ ልጁ፣
ስም ሳይወጣላት ያመለጠች ከእጁ።

ከኋላው ዮስት አለ፣ የሚስቱ ወንድም፣
ጣቱ ሰማያዊ፣ እስከ ክንዱ ቀለም፤
ጨርቅ ነክሮ አዳሪ ነው። ሕፃን ግን አይነከርም
ከሚሉት ወገን ነው፤ ይታደናል ስሙም።

ቄሱ ጎንበስ ብሎ ፊቷን ገለጠና፦
"የአዳም ዕዳ አለባት፤ ጥንተ አብሶ ነው ውርሷ፤
ያለ ውኃ ከሄደች በሩ አይከፈት ለሷ።
ላባው ከከንፈሯ ከተነቃነቀ ግን
ነፍሷ ተመልሳለች፤ እናጠምቃታለን።"

ዮስት ሣቀ። ሣቁ ከለቅሶ ይከፋል።
"ጥርስ ያልበቀለ ድድ ፍሬ አይገምጥም፣ አባቴ፤
ያልበላችውን ዕዳ አትጻፉባት፣ በሞቴ!
መዝገቡን ግለጠው፤ በስሟ ምን አለ?
ስም እንኳ የላትም፤ ዕዳው በማን ዋለ?"

ቄሱ ክፉ አልነበረም። ቀስ ብሎ መለሰ፦
"ምንጩ ከደፈረሰ፣ ጽዋው ምን ቢያበራ፣
የተቀዳው ውኃ በምን መንገድ ይጥራ?
ንጹሕ ከሆነችስ ሞት በምን አገኛት?"
ዮስት አፉን ከፈተ። ቃል ግን አጣላት።

ኡርስ ሁለቱንም የሰማ አይመስልም፤
"ሚስቴ አትተኛም" አለ፤ "ሌሊት አትተኛም።
ከአጥር ውጪ፣ ውሻ ዳር፣ አትቀበርብኝ፤
ንጹሕነቷን፣ ርኩስነቷን እናንተ ተከራከሩ፤
እኔን አንድ ክንድ መሬት፣ አንድ ክንድ ብቻ ስጡኝ።"

ሕፃኗን ከፍሙ ዳር አስተኛሁ፤
ላባዋን ከከንፈሯ አኖርሁ።
የሙቀት ነገር ነው፤ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤
ፍሙ ሲግም አየሩ ይነሣል፣
ላባም አብሮ ይነሣል፣
"ተነፈሰች!" እላለሁ፤
ውኃ ይፈስሳል፣ አባት ያለቅሳል፣
እኔ ጧፌን አጠፋለሁ።

ያን ማታ ግን እንጨቱ እርጥብ ነበር፤
ጢስ እንጂ ትኩሳት ከፍሙ አልወጣ።
ጸሎቱ አለቀ። ላባዋ እንደ ድንጋይ።
ኡርስ የሣጥኑን ክዳን ፍለጋ
እጁን በጨለማ ሲሰድ አየሁ።

ጎንበስ አልሁ።
እፍ አልሁ።

ላባዋ ዘለለች። "ተነፈሰች!" ብዬ ጮኽሁ።
ቄሱ እየተንቀጠቀጠ "አፖሎኒያ" አላት፣
ውኃ ከፀጉሯ ወርዶ ጆሮዋን ሞላት።
ኡርስ በጉልበቱ ወድቆ ወለሉን ሳመ፤
ዮስት ግን አየኝ። ዓይኑ ከዓይኔ ላይ ቆመ፤
ስለ እውነት ብሎ ቤቱን የፈታ ሰው፣
ያንን እውነት እዚያው፣ እንደ መራራ ሥር፣ ዋጠው።

በጸደይ ያዙት። "ውኃ ከወደደ ይጠጣ" ብለው
እጁን የፊጥኝ አስረው ወንዝ ሰደዱት።
ያወጣው ዓሣ አጥማጅ ነገረኝ፤
ያ ሁሉ ጎርፍ አጥቦት፣ ሦስት ሌሊት አጥቦት፣
ሰማያዊው ከጣቱ አልለቀቀም።

የእኔም ልጅ እዚህ ነው፣ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር፤
ላባው እንቢ ያለው፣ ገና ወጣት ሳለሁ።
ያኔ እፍ የሚልለት ሰው አልነበረም፤
እኔም አላወቅሁም።

ጭቃ ላይ እፍ ብሎ አዳምን ያስነሣ፣
ያ ትንፋሽ ያልቅ ይሆን? ወይስ በኔም ደረት
ኃጢአት ተሸክሞ ያልፋል ሳይቆሽሽ?
ቄሱን አልጠይቅም። ዮስት የለም።
ሲዘንብ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ እላለሁ፣
ከጣሪያው የሚወርደውን እቆጥራለሁ፤
ጠብ፤
ጠብ።